ሃያ ሁለት ስፌት

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ እጁ ይቀዘቅዛል፤
ሆዴን ገልጦ አይቶ ብዕሩን ይመዛል።
«ይሄ ጠባሳ ምንድነው? መቼ ነው የተሠራሽ?
ምን ነበር የወጣው? ወረቀቱስ አለሽ?»

እኔ ምን አውቃለሁ፣ ተኝቼ ነበረ፤
ከሆዴ ምን ወጣ፣ ምን በውስጤ ቀረ፣
የነገረኝ የለም፣ እኔም ሳልጠይቅ ኖርኩ፤
ቁስሉ ሲሽርልኝ ወደ ሲንጀሬ ዞርኩ።

ልጄ ናት የምትወስደኝ፣ ፐርዝ ከሚባል አገር፤
ቅጹን ስትሞላ በስልክ ጠይቃኝ ነበር።
«እማ፣ ኦፕራሲዮን ሆነሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።
«አዎ» አልኳት። ሆድ ተገልጦ አፍ ቢዋሽ ምን ሊበጀኝ?

ጎረቤቴ ዘነበች ግን ምክር አታጣም፦
«የወሊድ ነው በያቸው፣ ማንም ሊቆፍር አይመጣም።»
ከጎድን አጥንቴ ሥር እምብርቴ ድረስ ወርዶ!
የት አገር ይታያል በዚያ ልጅ ተወልዶ?

ነገሩ እንዲህ ነው።
ወለንጪቲ መንገድ፣ ቅጥቅጥ ተሳፍሬ፣
አንድ ጣቃ አቡጀዴ ጭኔ ላይ ቋጥሬ፣
«ተሳቢ መጣ!» ሲል ሰማሁ ረዳቱ፤
ከዚያ ወዲያ ጣሪያ።
ከዚያ ወዲያ ጥማቱ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ፍራንኮ ነው ሱቄ፤
የባልንጀራ ስፌት አላልፍም ንቄ።
የሰፋኝን ሐኪም በመልኩ አላውቀውም፤
በእጁ ግን አውቃለሁ፤ ክር አያባክንም።
ከላይ ረጋ ብሎ፣ ከታች ተቻኩሏል፤
መብራት ሄዶ ይሆናል፣ በባትሪ ጨርሷል።
ስንት ሌሊት ቆጠርኩት በጣቴ ዳስሼ፣
ሃያ ሁለት ስፌት፣ ከላይ ታች መልሼ።

«ወረቀት አምጪ» ተባልኩ፣ ከአዲስ አበባ አዳማ፤
በካርድ ክፍሉ መስኮት ፀሐይዋ አታቅማማ።
አቶ ገመዳ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አስሯል፤
ጣቱን ይልሳል፣ ይገልጣል፣ ያስሳል።
«ስም?»
«አስካለ ቱሉ።»
«ዓመት?»
«ዘጠና ሁለት፣ ሰኔ።»
«አስካለ የለችም» አለኝ፣ ሳያይ ወደ እኔ።

ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው
ጠርዙን ምስጥ የቀመሰው ክላሴር ይዞ ወጣ፤
ጮክ ብሎ አነበበ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ፦

«ስሟ ያልታወቀ ሴት። ዕድሜ ሠላሳ ግድም።
የወለንጪቲ አደጋ። ጣፊያ ወጥቷል።
ደም ሁለት ከረጢት። ሰጪው የበሩ ዘበኛ።
ሃያ ሁለት ስፌት።»

«እቺ አንቺ መሆንሽን በምን አውቃለሁ?» አለ።
ነርስ ተጠራች። ከመጋረጃው ኋላ ቀሚሴን ሰበሰብኩ።
«ሃያ አንድ» አለች።
«ድገሚው እህቴ፤ አንዷ እምብርቴ እጥፋት ውስጥ ገብታለች።»
ደገመችው።
«ሃያ ሁለት» አለች፣ እንደ ዳኛ።

ዘበኛውን ጠየቅኩ። ጡረታ ወጥቶ ወንጂ ገባ አሉኝ፤
ስሙን የሚያስታውስ የለም።
ሃያ ምናምን ዓመት በደሙ ልብስ ስሰፋ፣
አንድ ቀን «ማን ይሆን?» አላልኩም፤ ይኸው ጠፋ።

ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን አይቶ
አንድ መስመር ጻፈ፣ ማህተሙን መትቶ፦
«ጣፊያ የላትም፤ ክትባት ትውሰድ፤ ደህና ናት።»
ይኸው ነው እንቅልፍ የነሳኝ የሦስት ሳምንት ስጋት።
ቪዛው ገና ነው።

ከዚያ በፊት ግን፣ ካርድ ክፍሉ ሊዘጋ ሲል፣
«ስሜን ጻፍበት» አልኩት።
«የቆየ መዝገብ አይነካም» አለኝ አቶ ገመዳ።
ዝም ብዬ ቆምኩ።
ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ፤
ከጆሮው ላይ እርሳስ አወረደና ጻፈ፦
«አስካለች።»

ላርመው አፌን ከፈትኩ።
ከዚያ ተውኩት፤
«ች» ትርፍ ክር ናት፣
ትንጠልጠል።